የ1977ቱ የገና ሸክላ፦ በአንድ ቀን የተቀዳው ምኑ ነው?

ጥያቄ፦ «በ1977 ዓ.ም. ለአገራችን ረሃብተኞች ገንዘብ ለማሰባሰብ እንግሊዝ ውስጥ የተዘፈነው ‹ዱ ዜይ ኖው ኢትስ ክሪስማስ› በአንድ ቀን ተቀድቶ ወዲያው ገበያ ላይ ዋለ ሲባል እሰማለሁ። ሙዚቃ ለሚያውቅ ሰው ይህ የሚታመን ነው? ያ ሁሉ ዘፋኝ በእርግጥ አንድ ላይ ቆሞ ዘፈነው? ለእኛ ተብሎ የተሠራ ሆኖ ሳለ የኢትዮጵያ ስም ለምን አይነሳበትም? ዛሬ በየቦታው ከሚሰሙት ቅጂዎችስ የመጀመሪያውን እንዴት ልለይ?»

ምላሽ፦ አዎ፣ የዘፋኞቹ ድምፅ የተቀዳው በአንድ ቀን ነው። ዕለቱ እሑድ ኅዳር 16 ቀን 1977 ዓ.ም. ነበር፤ በእነሱ አቆጣጠር ኖቬምበር 25 ቀን 1984። ሙዚቃው ግን ያን ዕለት አልተሠራም። ዘፋኞቹ ወደ ስቱዲዮው ሲገቡ ኪቦርዱም፣ ባሱም፣ የመሠረቱ ምትም ቴፕ ላይ ሰፍሮ ይጠብቃቸው ነበር። ይህን ልዩነት መያዝ ያስፈልጋል፤ «በአንድ ቀን ተሠራ» የሚለው ወሬ ተአምር የሚመስለው ከዚያ ቀን በፊት የነበሩት ቀናት ስለሚዘለሉ ነው። እኔ በድምፅ ቀረጻ ሥራ የኖርሁ ሰው ስለሆንሁ ከሁሉ በላይ የምወደው ያንን የተዘለለውን ክፍል ነው።

መነሻው ኮረም ነው። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል በርክ ከኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ ከሞሐመድ አሚን ጋር ያዘጋጀው ዘገባ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። ምን እንደታየበት ለእርስዎ መዘርዘር አያስፈልገኝም፤ 77ን ያሳለፈ ቤተሰብ ሁሉ ያውቀዋል። ለንደን ሆነው ካዩት ሰዎች አንዱ አየርላንዳዊው ቦብ ጌልዶፍ ነበር። ጌልዶፍ ቡምታውን ራትስ የሚባል ባንድ ይመራል፤ ባንዱ ግን ደህናው ዘመኑ አልፎበት ሸክላው እንደ ድሮው አልሸጥ ብሎት ነበር። ስለዚህ ብቻውን ቢዘፍን ብዙ ሰው እንደማይገዛለት ሰውየው ያውቃል። ያን ሁሉ ዘፋኝ መጥራት ያስፈለገው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

ጥቅምት 23 ቀን የኑሮ አጋሩ ፓውላ ዬትስ በኒውካስል ከተማ ‹ዘ ቲዩብ› የተባለውን የቴሌቪዥን የሙዚቃ ዝግጅት ስትመራ፣ አልትራቮክስ የተባለው ባንድ ዘፋኝ ሚጅ ዩር ለዚያው ዝግጅት መጥቶ ነበር። ጌልዶፍ ስልክ ሲደውል ዩርን አገናኘችው። ሁለቱ ለገና የሚደርስ ነጠላ ዜማ ለመሥራት የተስማሙት ያኔ ነው። ከዚያ ስልክ እስከ ቀረጻው እሑድ ድረስ የነበረው ጊዜ 23 ቀን ብቻ ነው። የታወቀ የገና መዝሙር ወስደው እንደገና መዝፈን ይቀልላቸው ነበር፤ ግን ለዘፈኑ ባለ መብት መክፈል ሊመጣ ነው። ገንዘቡ ሳይሸራረፍ ወደ ተረጂው እንዲሄድ አዲስ ዘፈን መጻፍ ነበረባቸው።

ዩር በትንሽ ካሲዮ ኪቦርድ ላይ ደወል ደወል የሚል የገና ዜማ ፈለገ። ጌልዶፍ ደግሞ ባንዱ ያልተቀበለውን አንድ ጅምር ዘፈን ግጥሙን እየለዋወጠ አመጣ። ሁለቱን ሰፉአቸው። ዘፈኑን አጥብቀው ካዳመጡት ስፌቱ ይሰማል፤ አብዛኛው ክፍል ረጅም ስንኝ እየተከታተለ ይሄድና አዝማች የሚባል ነገር መጨረሻው ላይ ብቻ ይመጣል። በተለመደው የፖፕ አሠራር አዝማች በአንድ ደቂቃ ውስጥ መሰማት አለበት። እዚህ አድማጩ ዘፈኑ ሊያልቅ እስኪቃረብ ይጠብቃል፤ ከዚያ ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ጊዜ «ዓለምን መግቡ» እያለ ይወጣል። እኔ ይህን አሠራር አደንቀዋለሁ። ለብዙ ሰው የተሠራ ዘፈን ብዙ ሰው ሆኖ ማለቁ ትክክል ነው።

የኢትዮጵያ ስም የጠፋውም በዚሁ የስፌት ሰዓት ነው። ጌልዶፍ ይዞት በመጣው ግጥም በገና በረዶ የማይጥልባት አገር ኢትዮጵያ ነበረች። በእንግሊዝኛ አጠራር ግን «ኢትዮጵያ» አምስት ቀለም ይፈጃል፤ ዜማው ላይ የቀረው ቦታ ለሦስት ብቻ ይበቃ ነበር። ዩር ልኩ እንደማይገጥም ነገረውና «አፍሪካ» ተተካ። ስንኝ የሚቋጥር ሰው ሁሉ ይህን ችግር ያውቀዋል፤ ቤት ለማስመታት ወይም ቀለም ለማስተካከል ሲባል እውነት የሚገፋበት ጊዜ አለ። የዚህኛው ዋጋ ግን ከባድ ሆነ። ስለ ወሎና ስለ ትግራይ የተጻፈው ስንኝ ስለ አንድ ሙሉ አህጉር የሚናገር ሆነ፤ «ዝናብም ወንዝም የለም» የሚለው ቃልም ለመላ አፍሪካ ተሰጠ። ኮረምን ያየ ሰው ከከተማዋ ብዙ ሳይርቅ አሸንጌ ሐይቅ እንዳለ ያውቃል። ረሃቡን ያመጣው የዝናብ መቅረት ብቻም አልነበረም፤ ጦርነቱና የመንግሥቱ ፖሊሲ ነበሩበት። ገና መሆኑን ያውቁ እንደሆነ የተጠየቀው ደግሞ ከአራተኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ ክርስትናን ስለተቀበለች፣ ላሊበላ ላይ ገናን በቤዛ ኩሉ ስለምታከብር አገር ሕዝብ ነው። ጥድፊያው የሸክላውን ድምፅ ብዙም አልጎዳውም፤ የጎዳው ግጥሙን ነው። ድምፅን የሚያዳምጥና የሚያርም ባለሙያ ሞልቶ ነበር። ግጥሙን ከእኛ ወገን ሆኖ አንድ ጊዜ እንኳ የሚያነብ ሰው ግን በዚያ ሥራ ላይ አልነበረም።

ወደ ቀረጻው ልመለስ። ሁለቱ በመጀመሪያ ያሰቡት አዘጋጅ ትሬቨር ሆርን ነበር፤ በዚያን ዘመን ለንደን ውስጥ ከእሱ የሚበልጥ ስም የነበረው የሙዚቃ አዘጋጅ ለማግኘት ያስቸግራል። ሆርን ቢያንስ ስድስት ሳምንት ያስፈልገኛል አለ። እውነቱን ነው፤ እሱ አንድ ዘፈን ላይ ወራት የሚቀመጥ ሰው ነበር። ስድስት ሳምንት ከተጠበቀ ግን ሸክላው ለገና አይደርስም። ስለዚህ በጉልበቱ ፈንታ ቤቱን ሰጠ። ኖቲንግ ሂል የሚገኘውን ሳርም ዌስት ስቱዲዮውን ለ24 ሰዓት ያለ ክፍያ ለቀቀላቸው። ሕንፃው ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን የነበረ፣ በኋላም የአይላንድ ሬከርድስ ስቱዲዮ ሆኖ ቦብ ማርሌይ የሠራበት ነው።

አዘጋጅነቱ በዚህ ሁኔታ ለዩር ደረሰው። ዩር ምዕራብ ለንደን፣ ቺዝዊክ ባለው ቤቱ ስቱዲዮ ነበረው፤ የሙዚቃው ሥራ ያለቀው እዚያ ነው። ኪቦርዱን ራሱ ተጫወተ፣ የኤሌክትሮኒክስ ምቱንም ራሱ አዘጋጀ። መጀመሪያ ላይ የሚሰማው ያ ጨለም ያለ፣ ከሩቅ የሚመጣ የሚመስል ከበሮ አዲስ የተመታ አይደለም፤ ቲርስ ፎር ፊርስ ከተባለው ባንድ ‹ዘ ኸርቲንግ› ከሚለው ሥራ ተቆርጦ የተወሰደ ድምፅ ነው። የዱራን ዱራኑ ጆን ቴይለር ባስ ጊታሩን ቀዳ። ስቲንግና ሳይመን ለ ቦንም ቀደም ብለው ቤቱ ድረስ እየመጡ ድምፃቸውን ሰጡ። ይህ ለሌሎቹ ዘፋኞች መመሪያ የሚሆን ቅጂ ለማዘጋጀት ረድቶታል። በየትኛውም ስቱዲዮ ጊዜ የሚበላው ዜማውን የማያውቅ ዘፋኝ ነው። ጌልዶፍ በስልክ እየለመነ ሰው ሲሰበስብ ዩር ደግሞ ያ የተሰበሰበ ሰው ሲመጣ ጊዜ የሚያባክንበት ምክንያት እንዳይኖረው እያደረገ ነበር። የዝናው ትልቁ ድርሻ ለጌልዶፍ ቢደርስም፣ እኔ በሙያዬ የማከብረው የዩርን እነዚያን ቀናት ነው።

እሑድ ጠዋት ዘፋኞቹ መምጣት ጀመሩ። ፖል ያንግ፣ ጆርጅ ማይክል፣ ስቲንግ፣ ቦኖ፣ ፖል ዌለር፣ ባናናራማ፣ ስታተስ ኩዎ፣ የዱራን ዱራንና የስፓንዳው ባሌ ልጆች ነበሩ፤ ከአሜሪካ ወገን ደግሞ ጆዲ ዋትሊና የኩል ኤንድ ዘ ጋንግ አባላት። የዘፈኑ ፊልም ቀረጻም አብሮ ይካሄድ ነበር፤ ዳይሬክተሩ ናይጀል ዲክ ነው። ዩር ከሁሉ በፊት የመጨረሻውን አዝማች ለመቅዳት ወሰነ። ሁሉንም በአንድ ላይ አቁሞ ደጋግሞ አዘፈናቸው። ይህ በጣም ብልህ ውሳኔ ነው ብዬ አምናለሁ። በአንድ ክፍል ውስጥ በሽያጭ የሚፎካከሩ፣ አንዳንዶቹም የማይዋደዱ ታዋቂ ሰዎች ተሰብስበዋል፤ መጀመሪያ ተራ በተራ ማይክሮፎን ፊት ቢያቆማቸው ሁሉም እርስ በርስ እየተያየ ይፈራ ነበር። አብረው ከጮኹ በኋላ ግን ፍርሃቱ ላላ። እርስዎ የጠየቁት «አንድ ላይ ቆሞ መዝፈን» እውነት የሚሆነው እንግዲህ ለዚህ ክፍል ነው።

የቀረው ሁሉ የተቀዳው በተናጠል ነው። ቶኒ ሃድሊ የመጀመሪያው ሆነ፤ ሌሎቹ ሁሉ እያዩት ብቻውን መዝፈን ቀላል ድፍረት አይጠይቅም። ሌሎችም በየተራ ገቡ። እያንዳንዱ ዘፋኝ የተመደበለትን ስንኝ ብቻ ሳይሆን ከአዝማቹ በስተቀር ዘፈኑን ከዳር እስከ ዳር ይዘፍናል፤ ዩር የማን ድምፅ የትኛው ስንኝ ላይ እንደሚያምር ይመዘግባል። በኋላ ከእነዚያ ቅጂዎች ምርጥ ምርጡ ተመርጦ ይቀጠላል። ሸክላው ላይ አንዱ ለሌላው የሚያቀብል የሚመስለው የስንኝ ቅብብል የተፈጠረው በዚህ ምርጫ ነው።

መክፈቻው ስንኝ ለዴቪድ ቦዊ ታስቦ ነበር፤ ቦዊ መምጣት ስላልቻለ ለፖል ያንግ ደረሰ። ቦይ ጆርጅ ከነጭራሹ ኒውዮርክ ነበር። ጌልዶፍ በስልክ ከእንቅልፉ ቀስቅሶ ካስነሣው በኋላ በኮንኮርድ አውሮፕላን በርሮ ምሽት ላይ ደረሰና ድርሻውን ቀዳ። ፊል ኮሊንስ የራሱን ከበሮዎች ይዞ መጥቶ ብዙ ሰዓት ጠበቀ። ተራው ደርሶ ሲመታ ዩር በመጀመሪያው ቅጂ ረክቶ ነበር፤ ኮሊንስ ግን ልድገመው አለ። ሸክላውን ሲሰሙ ከመሀል ጀምሮ የሚገባው ሕያው ከበሮ የሱ ነው። በመጀመሪያ ከተሰማው የተቆረጠ ምት ጋር ያለው ልዩነት በደንብ ይታወቃል፤ ዘፈኑ ቀዝቅዞ ጀምሮ እየሞቀ የሚሄድ የሚመስለው በዚህ ነው።

የቦኖ ስንኝ ከሁሉ ይልቅ ያከራከረ ነው። «ዛሬ ማታ በእናንተ ፈንታ እነሱ ስለሆኑ አምላክን አመስግኑ» የሚል ሐሳብ አለው። ቦኖ ራሱ ቃሉን አልወደደውም፤ ጌልዶፍ ግን ቁጣው የተቀመጠበት ቦታ ይህ ነው ብሎ አልለውጥም አለ። ቦኖ በሙሉ ጉልበቱ ጮኾ ዘፈነው። እንደ ኢትዮጵያዊ ስሰማው ይቆረቁረኛል፤ ቢሆንም ከግጥሙ ሁሉ ታማኙ ስንኝ ይህ ነው እላለሁ። የጠገበ ሰው የተራበ ሰው ሲያይ በልቡ የሚለውን፣ ግን በአፉ የማይለውን ነገር በግልጽ አውጥቶታል።

ያልመጡት ሰዎች በሸክላው ጀርባ ተገኙ። ቦዊ፣ ፖል ማካርትኒና የፍራንኪ ጎዝ ቱ ሆሊውዱ ሆሊ ጆንሰን የንግግር መልእክት ሰጥተው፣ ያ መልእክት በሙዚቃው ላይ ተደርቦ የሸክላው ሁለተኛ ገጽ ሆነ። ዩር ሌሊቱን ሙሉ ድምፆቹን ሲያዋህድ አድሮ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጨረሰ። ጌልዶፍ በዚያው ጠዋት ቢቢሲ ሬዲዮ 1 ላይ ቀርቦ ሸክላው እየመጣ መሆኑን አወጀ።

ከዚያ ወዲያ ያለው የፋብሪካ ሥራ ነው፤ «ወዲያው ገበያ ላይ ዋለ» የሚለው ለብዙ ሰው የማይታመነውም እዚህ ላይ ነው። የሸክላ አሠራር ብዙ ደረጃ አለው። ከማስተር ቴፑ ላይ ድምፁ በላከር በተቀባ ዝርግ ሳህን ላይ በመርፌ ይቀረጻል፤ ሳህኑ በብረት ይለበጣል፤ ከልባጩ ማኅተም ይወጣል፤ ማኅተሙ የጋለውን ፕላስቲክ እየተጫነ ሸክላውን ያወጣል። ማኅተም ደግሞ ይደክማል፣ ስለዚህ ለብዙ ቅጂ ብዙ ማኅተም ያስፈልጋል። በተለመደው ጊዜ ይህ ከሽፋን ሕትመቱና ከማከፋፈሉ ጋር ሳምንታት ይወስዳል። የረዳው ተራ አለመጠበቁ ነው። አሳታሚው ፎኖግራም ይህን ሥራ ከሌላው ሁሉ አስቀደመ፤ የሸክላው መለያ ቁጥርም ‹ፊድ 1› ተባለ። ሽፋኑን የሠራው ለቢትልስ ‹ሳርጀንት ፔፐር› ሽፋን የታወቀው ሠዓሊ ፒተር ብሌክ ነው። ቀረጻው ከተጠናቀቀ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ በዲሴምበር የመጀመሪያ ሳምንት ሸክላው መደብር ደረሰ። በነገራችን ላይ በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ላይ የሸክላ ዘመን አልፎ ገበያው የካሴት ሆኖ ነበር፤ እኛ ጋ አንድ ዘፈን በፍጥነት የሚባዛው በካሴት ነበር።

ማሠራጨቱም የራሱ ታሪክ አለው። የቢቢሲ 1 ኃላፊ ማይክል ግሬድ የዕለቱ ዝግጅቶች ሁሉ አምስት ደቂቃ ቀደም ብለው እንዲጀምሩ አዘዘና፣ ከ‹ቶፕ ኦፍ ዘ ፖፕስ› በፊት በተገኘው ክፍተት ፊልሙ በዴቪድ ቦዊ መግቢያ ታየ። በገና ሰሞን ከዚህ የሚበልጥ ማስታወቂያ በገንዘብ አይገዛም። በዚያ ወቅት በእንግሊዝ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ የወጣው ስኮትላንዳዊው ጂም ዳይመንድ፣ በሚቀጥለው ሳምንት የእኔን ተዉና የእነሱን ሸክላ ግዙ ብሎ በአደባባይ ለመነ። ዘፋኝ በሕይወቱ አንድ ጊዜ የሚያገኘውን ቦታ እንዲህ ሲለቅ ማየት ብርቅ ነው፤ ስሙ ብዙ ጊዜ ሳይነሳ ስለሚቀር እዚህ አነሣሁት። በኋላ የአንደኝነቱን ቦታ ለዚህ ሸክላ የለቀቀው ደግሞ የፍራንኪ ጎዝ ቱ ሆሊውድ ዘፈን ነበር፤ የዚያ ዘፈን አዘጋጅ ስቱዲዮውን በነፃ የሰጠው ትሬቨር ሆርን ነው።

ሸክላው በቀጥታ አንደኛ ሆኖ ገባ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ አንድ ሚሊዮን ቅጂ ያህል ሄደ። አምስት ሳምንት ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ታኅሣሥ 29 እኛ ገናን ስናከብርም ገና አንደኛ ነበር። በእንግሊዝ ብቻ ከ3 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጦ የአገሪቱ ከፍተኛ ሽያጭ ያገኘ ነጠላ ዜማ ሆነ፤ ክብረ ወሰኑን የያዘው እ.ኤ.አ. እስከ 1997፣ ኤልተን ጆን ለልዕልት ዳያና መታሰቢያ ያወጣው ሸክላ እስኪበልጠው ድረስ ነው። በዚያ ገና ሁለተኛ ሆኖ የቀረው ዋም የተባለው የጆርጅ ማይክል ባንድ ያወጣው ‹ላስት ክሪስማስ› ነበር፤ ጆርጅ ማይክል የዚያንም ገቢ ለዚሁ ረድኤት ሰጠ። አሜሪካ ውስጥ ሽያጩ ብዙ ቢሆንም ሰንጠረዡ የሬዲዮ ጣቢያዎችን ምርጫ ስለሚጨምር ከ13ኛ አላለፈም። አሜሪካኖቹ የራሳቸውን መልስ በጃንዋሪ 28 ቀን 1985 ሌሊት ሎስ አንጀለስ ውስጥ ቀዱ፤ ‹ዊ አር ዘ ወርልድ› ማለት ነው።

ስለ ገንዘቡ አንድ ነገር ልጨምር። የታቸር መንግሥት መጀመሪያ ከሸክላው ሽያጭ የሚሰበሰበውን ተጨማሪ እሴት ታክስ አልምርም አለ። ጌልዶፍ በአደባባይ ከተሟገተና ሕዝቡ ከተቆጣ በኋላ፣ መንግሥት ከታክሱ የሚተካከል ገንዘብ ለረድኤቱ ለመስጠት ተስማማ። ሸክላው በአንድ ዓመት ውስጥ 8 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል አስገኘ፤ ገንዘቡን የሚያስተዳድረው፣ በዘፋኞቹ ስብስብ ስም ‹ባንድ ኤይድ› የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅትም ተቋቋመ። የሐምሌ 6 ቀን 1977ቱ የላይቭ ኤይድ ትርኢት የተወለደው ከዚሁ ነው።

አሁን የመጨረሻው ጥያቄዎ። ዘፈኑ በየጊዜው በአዲስ ዘፋኞች ስለተቀዳ ግራ ቢጋቡ አያስገርምም። የሚለዩት በመክፈቻው ድምፅ ነው (ዓመታቱን በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። የመጀመሪያውን ስንኝ ፖል ያንግ ከዘፈነው የ1984ቱ ነው፤ ካይሊ ሚኖግ ከሆነች የ1989ኙ፣ በእነ ስቶክ፣ ኤትከንና ዋተርማን የተዘጋጀው ነው። የኮልድፕሌዩ ክሪስ ማርቲን ከጀመረው የ2004ቱ ነው፤ ቦኖ በዚህኛውም ያችኑ ስንኝ ዘፍኗል። ዋን ዳይሬክሽን ከጀመሩት ደግሞ የ2014ቱ ነው፤ እሱ የተሠራው ለምዕራብ አፍሪካ የኢቦላ ወረርሽኝ በመሆኑ ግጥሙ በብዙ ቦታ ተቀይሯል፤ የቦኖም ስንኝ አብሮ ተለውጧል። በ2024 ትሬቨር ሆርን የ1984፣ የ2004 እና የ2014 ቅጂዎችን ድምፅ አዋህዶ አንድ አዲስ ቅንብር አውጥቷል፤ የ1984 እና የ2014 ድምፅ ተከታትለው ከሰሙ እሱ ነው። ከ1984ቱም ቢሆን ሁለት አለ፦ ወደ አራት ደቂቃ ገደማ የሚፈጀው የዩር ቅንብር ነው፤ ከዚያ በጣም የሚረዝመው ሆርን ለትልቁ ባለ 12 ኢንች ሸክላ ያዘጋጀው ነው። ያ እሑድ እንዴት እንደነበር ለመስማት ከፈለጉ አጭሩን ይምረጡ፤ በጥሩ ማዳመጫ ያድርጉትና መጀመሪያ የተቆረጠውን ከበሮ፣ ቀጥሎ የኮሊንስን አገባብ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ከሁሉ በፊት የተቀዳውን አዝማች ይከታተሉ።